አባቴ ያስጻፉኝ ወሰን

አባቴ የኩላሊት እጥበቱን፣ ዲያሊስሱን፣ በቃኝ ማለታቸውን የሰማሁት አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ አንድ የጥንት ንጉሥ ሰጠው የተባለ የመሬት ስጦታ ሐሰተኛ መሆኑን ሳስረዳ ነው። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ናሆም ነበር። ክፍል ውስጥ መሆኔን እያወቀ የሚደውል ልጅ ስላልሆነ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ሰብሊ፣ ዳዲ አልሄድም አለ» አለኝ። «ትራንስፖርቱ መጥቶ ታች እየጠበቀው ነው። ለዛሬ ብቻ መስሎኝ ነበር። ፎር ጉድ ነው የሚለው፤ ሁለተኛ አልሄድም ነው።»

ተማሪዎቼን አሰናብቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። የፖቶማክን ድልድይ እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም። ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ እንደ ልማዱ ተጨናንቆ ነበር። ከፊቴ የቆሙትን ቀይ መብራቶች እያየሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ፣ አባቴን የማሳምንበትን ቃል ስደረድርና ሳፈርስ ቆየሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ሰብለ አያሌው እባላለሁ። እናቴ ዲቪ ደርሷት ወደዚህ ስንመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ናሆም የተወለደው እዚሁ ነው። አባቴ መሪጌታ አያሌው በአገራቸው የድጓ መምህር ነበሩ። እዚህ ደግሞ ክሪስታል ሲቲ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከሥራ ሲመለሱ ጓንታቸውን አውልቀው የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ አጠገብ ያስቀምጡኝና ቁም ጽሕፈት ያስተምሩኝ ነበር። የብራና ጸሐፊዎች የሚጽፉበትን፣ እያንዳንዱ ፊደል ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ የሚቆምበትን አጻጻፍ። ጓደኞቼ እግር ኳስና ፒያኖ ሲማሩ እኔ ብርዕ መቅረጽ ተማርኩ።

እናቴ ነርስ እንድሆን ትመኝ ነበር። እኔ የታሪክ ተማሪ ሆንኩ፤ ያውም የሰው አገር ታሪክ። ከሺህ ዓመት በፊት በእንግሊዝ የነበሩት አንግሎ ሳክሶን የሚባሉት ነገሥታት ለአብያተ ክርስቲያናት መሬት ይሰጡ ነበር። ስጦታው በብራና ይጻፋል። ንጉሡ ስለ ነፍሱ መስጠቱ በላቲን ይነገርና፣ ወሰኑ ግን ብዙውን ጊዜ የአገሬው ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይዘረዘራል፤ ከቦዩ እስከ እሾሁ፣ ከእሾሁ ወንዙን ይዞ እያለ። ከዚያ ውግዘቱ ይከተላል፣ ከዚያ የምስክሮቹ ስም። ታዲያ ዛሬ ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ በዚያ ዘመን የተጻፉ አይደሉም። ንጉሡ አፈር ከሆነ ከብዙ ዘመን በኋላ መነኮሳት ተቀምጠው ያዘጋጇቸው ናቸው። አንዳንዶቹ የሰው መሬት ሊወስዱበት ጽፈውታል። አንዳንዶቹ ግን እውነተኛው ሰነድ ተቃጥሎባቸው፣ የገዛ መሬታቸውን እንዳይነጠቁ ነው የጻፉት። ዶክትሬቴን የሠራሁት እነዚህን ከእውነተኞቹ በመለየት ነበር። ሰነዱ ከተጻፈበት ቀን አስቀድሞ የሞተ ጳጳስ በምስክርነት ቆሞ ሳገኘው እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

ከቤተሰቤ ሥራዬ የገባቸው አባቴ ብቻ ነበሩ። ስመረቅ አጠገባቸው አስቀምጠው «ውግዘትም አለው አልሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለው። ወሰኑን የነካ ከይሁዳ ጋር ይቆጠር ይላል።»

«እንግዲያማ የእኛው ናቸው» አሉ፤ ሳቁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ አባቴ ጆርጂያ አቬኑን ቁልቁል በሚያየው መስኮት አጠገብ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። እግራቸው አብጧል። ናሆም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አባዬ፣ ምን ነካዎት?» አልኳቸው። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፍቶኝ ነበር።

«ደከመኝ፣ ልጄ። ማሽኑ ደሜን ያጥብልኛል፤ ዕድሜዬን ግን አያጥብልኝም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

ሐኪሙን ደውዬ አገኘሁት። ውሳኔው የእሳቸው መብት እንደሆነ፣ ከሳምንት ብዙም እንደማይቆዩ፣ እንቅልፍ እየበዛባቸው እንደሚሄድ፣ ንግግራቸውም ሊዘባረቅ እንደሚችል በረጋ ድምፅ ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ ስመለስ አባቴ ጠበቁኝና «ለተማሪዎችሽ የምታሳዪው ብራና አለሽ አይደል?» አሉ።

«አለኝ።»

«አምጪው። ብርዕና ቀለምም ያዢ። አእምሮዬ ሳይደክም የማስጽፍሽ አለኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአባቴ ደብር የሚገኘው ገጠር ውስጥ ነው። ጉዳዩ ዛሬም የሚያነጋግር ስለሆነ የደብሩንም፣ መሬቱን የሰጠውንም ንጉሥ ስም አልጠራም። ስጦታው በደብሩ ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ ነበር። በየዓመቱ በንግሥ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለሕዝቡ ይነበባል። ከአገር እስኪወጡ ድረስ ያነበቡት አባቴ ናቸው። ባለፈው ጦርነት ዕቃ ቤቱ ተቃጠለ፤ ወንጌሉም አብሮ ነደደ። አሁን ወረዳው የደብሩን ደንና መቃብር ለአንድ ባለሀብት እርሻ ሊሰጥ ነው፤ ወሰናችሁን በማስረጃ አሳዩ ብሏል።

ይህን የነገሩን የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ላቀው ናቸው። ሲደውሉ አባቴ ስልኩን ጮክ አድርጌ እንድከፍተው አዘዙኝ።

«መሪጌታ» አሉ ቄሱ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ፤ «ቃሉን የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር አልቀረንም። ያስጽፉልንና በሰው እጅ ይላኩልን። ከእሳት የተረፈ ቅጠል ነው እንላለን። ትንሽ ጭስ ቢያገኘው ደግሞ . . .»

«ገባኝ» አሏቸው አባቴ። «ልጄ ትጽፈዋለች።»

መቃብሩ የሚለውን ስሰማ ናሆምን ዞሬ አየሁት። እናቴ እዚያ ናት። አናንዴል ስንኖር በካንሰር ሞታ፣ አስክሬኗን አባቴ ወስደው የቀበሯት እዚያ ነው። አጠገቧ ለራሳቸው የሚሆን ቦታ እንዳስቀሩ ሁልጊዜ ይነግሩን ነበር።

ስልኩ እንደተዘጋ «አባዬ፣ እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው። «ጭስ ግን አላስነካውም። የጥንት ነው ብዬም አልጽፍም።»

አባቴ ወደ እኔ ዘወር አሉ። «እነዚያ የእንግሊዝ መነኮሳት፣ መሬቱ የራሳቸው ነበር ብለሽኛል።»

«የአንዳንዶቹ፣ አዎ።»

«ሰነዱ ተቃጠለባቸው።»

«አዎ።»

«እንደገና ጻፉት። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ሐሰቱ?»

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ያነሳዋል፤ መልሱን ለምጄዋለሁ። አባቴ ሲጠይቁኝ ግን የለመድኩት መልስ አልበቃኝም። «ሐሰቱ እኛ ነን የጻፍነው አለማለታቸው ነው» አልኳቸው በመጨረሻ። «ግርጌው ላይ መጽሐፉ መቃጠሉንና እርስዎ በቃልዎ ማስጻፍዎን ልጻፍ። ስምዎ ራሱ ምስክር ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ይሁን፤ እንዳልሽ አድርጊ» ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለታቸው ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ብራናውን፣ ብርዑንና መስመር የማሰምርበትን ወስፌ ይዤ መጣሁ። ከመጻፋችን በፊት አንድ ጊዜ ሙሉውን ይበሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁት ድምፅ ከዚያ ካበጠ ሰውነት ወጣ። ንጉሡ ስለ ነፍሱና ስለ እናቱ ነፍስ መስጠቱን በግዕዝ አሉት። ወሰኑ ላይ ሲደርሱ ወደ አማርኛ ተሻገሩ። የእኔ ነገሥታት ከላቲን ወደ አገራቸው ቋንቋ የሚሻገሩት እዚሁ ቦታ ላይ ነው። አባቴ ወሰኑን እንደ ዜማ ያወርዱታል፤

«ከደጀ ሰላሙ እስከ ጥዱ፤ ከጥዱ እስከ ቀይ ገደሉ፤ ከገደሉ ውኃውን ይዞ እስከ ወይራው፤ ከወይራው እስከ ምንጩ፤ ከምንጩ ተመልሶ ደጀ ሰላሙ።»

ከዚያ ውግዘቱን አሉ። ይህን ወሰን የቀነሰም የጨመረም፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። ናሆም ከወጥ ቤቱ ወጥቶ ያዳምጥ ነበር። «ዋው፣ ዳዲ» አለ ቀስ ብሎ፤ ከግዕዙ አንድም ቃል እንዳልገባው አውቃለሁ።

በዚያ ቀን ግዕዙን ጻፍን። አባቴ አንድ ሐረግ ይሉና እኔ እስክጨርስ ያንቀላፋሉ። ፊደሌን ሲያዩ «የ'ጸ' እግሯን አታሳጥሪባት» ይላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ተቀራርበን የተቀመጥን አይመስለኝም። ሊሞቱ መሆናቸውን እየረሳሁ ተደስቼ ነበር ማለት እችላለሁ። ከዚያ ቤት ድረስ የምትመጣው አስታማሚ ነርስ የደም ግፊታቸውን ስትለካ እንደገና ትዝ አለኝ።

ወሰኑን የጀመርነው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ተዳክመዋል። ፊታቸው ገርጥቷል፤ አንዳንዴ ናሆምን በወንድማቸው ስም ይጠሩታል። ወሰኑ ላይ ግን አልተሳሳቱም። ጥዱ፣ ቀይ ገደሉ፣ ወይራው። እዚያ ሲደርሱ ዝም አሉ።

«ከወይራው . . .» አልኳቸው።

«ከወይራው እስከ ሾላው» አሉ።

ብርዑን ቀለም ነክሬ ብራናው ላይ ላሳርፈው ስል እጄ ቆመ። ዜማው ተሰብሮ ነበር። ትናንት እንደ ውኃ የወረደው ነገር እዚህ ቦታ ላይ ድንጋይ መታው። ደግሞም በሥራዬ የማውቀው ነገር ነበር፤ በእነዚያ ሰነዶች ሁሉ ነገር እውነት ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ የተነካካ ከሆነ፣ የሚነካካው ብዙ ጊዜ ወሰኑ ነው። አእምሯቸው ደክሞ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ዓይናቸው ጥርት ብሎ፣ እየጠበቁኝ ነበር።

«አባዬ፣ ትናንት ምንጩ ብለው ነበር።»

ብራናውን ተመለከቱ።

«ሾላው የት ነው?»

«ከምንጩ ወዲያ።»

«በጥንቱ ወንጌል ላይ የቱ ነው ያለው?»

አባቴ ጋቢያቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡት። «ምንጩ» አሉ። «ንጉሡ የሰጠው እስከ ምንጩ ነው።»

«ታዲያ ለምን . . .»

«መቃብሩ ሞልቶ ነበር፣ ሰብልዬ። እናትሽን ይዣት ስሄድ መቃብሩ ሞልቶ ነበር። ከምንጩ ወዲያ፣ ከሾላው ሥር አዲስ ቦታ ከፍተው ነበር። ማንም ወሰን አልጠየቀም፤ ሁሉም የደብሩ ይመስለው ነበር። ከሾላው ሥር ነው ያስቀመጥኳት።»

ናሆም ከኋላዬ «ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ውግዘቱን አስጽፈውኝ ራስዎ ሊጥሱት ነው?» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ጭካኔው ተሰማኝ።

«የጨመረም ይላል፤ አውቀዋለሁ» አሉ። «ስንት ዘመን ለሕዝብ ያነበብኩት እኔ አይደለሁም? ለእሷ ስል ተወግዤ ልሙት ብዬ ነው። አጠገቧ አልቀበር ይሆናል፤ መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ። እርሻ እንዳያደርጓት ብቻ ነው።»

አባቴ ሲያለቅሱ በእናቴ ለቅሶ ጊዜ እንኳ አላየሁም። አሁን እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ጋቢያቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሊጠርጉት እጃቸውን አላነሱም። ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ። ራሴን ዳበሱኝ።

«አንቺ ጻፊው» አሉኝ። «የፈቀድሽውን ጻፊ። እኔ አላየሁም።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ጥርት ያለ ቃል ከአባቴ አልሰማሁም። እንቅልፉ ወሰዳቸው። በማግስቱ ሲነቁም የሚናገሩት ስለ መኪና ነበር፤ አንድ ሰው መኪናውን እንዲያነሳ በትህትና እየለመኑ፣ በሐሳባቸው እዚያ ክሪስታል ሲቲ ምድር ቤት ውስጥ ነበሩ።

ለናሆም ሁሉንም አስረዳሁት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመን፣ እንዳይሰሙን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር።

«ሶ? ታዲያ ሾላው ብለሽ ጻፊ!» አለኝ። «ምን ችግር አለው?»

«የአባዬን ስም ከሥሩ ልጽፍ ነው፣ ናሆሜ። በቃሉ ያስጻፈው ነው ብዬ።»

«በቃሉ አስጽፎሻል! ሾላው ብሏል!»

«ምንጩ ነው ብሎም ነግሮኛል። ደግሞ ያምናል። ውግዘቱን ያምናል። በራሱ ስም፣ በራሱ ውግዘት ሥር ወደ መቃብር ልላከው?»

«አንቺ ታምኛለሽ?»

«እሱ ያምናል።»

«ማማ እዚያ ናት፣ ሰብሊ!» ድምፁ ከፍ አለ። «ይሄ የስኩል ፔፐርሽ አይደለም። ከአንቺና ከእኔ በስተቀር ማንም አያውቅም። ማንም!»

እውነቱን ነበር። ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩት ሰዓት በሕይወቴ ከሁሉ የረዘመው ነው። ከተኙት አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንፋሻቸው ይቆምና እንደገና ይጀምራል። ሌላ መውጫም አስቤ ነበር፤ ወሰኑን ባዶ ልተወው? ቀለም ፈሶበት ተበላሸ ልበል? ስንቱን መነኩሴ ከሺህ ዓመት በኋላ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሐሰተኛ ብዬዋለሁ፤ አንዱንም ግን አጠገቡ ሰው እየሞተበት ብርዕ ይዞ ይሆናል ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። እናቴን አሰብኳት። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነውን፤ በሥራ ደክማ መጥታ ፀጉሬን ስትሠራ የምታንቀላፋውን። ከሾላው ሥር ናት።

ብርዑን ነከርኩና ጻፍኩ። ከወይራው እስከ ምንጩ።

ውግዘቱን ጨመርኩ። ከሥሩ ደግሞ በትናንሽ ፊደል፣ የደብሩ ወንጌል በእሳት ከጠፋ በኋላ ይህን መሪጌታ አያሌው በቃላቸው አስጻፉ፣ ልጃቸው ሰብለ ጻፈችው፣ በባዕድ አገር ተጻፈ አልኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቄ ወደ አልጋቸው ተጠጋሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ዜማውን በምችለው ያህል አወረድኩት። ምንጩ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ከፈቱ። ለትንሽ ጊዜ አዩኝ። ደስ ብሏቸው ይሁን አዝነው፣ ወይም ጭራሽ እኔን ሳይሆን ሌላ ነገር እያዩ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ናሆም አልጋው ግርጌ ቆሞ ሰማኝ። ምንጩ የምትለዋን ቃል ለይቷት ነበር፤ ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ።

አባቴ በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ መስኮቱን እንደሞላው፣ አረፉ። ናሆም ተመልሶ ነበር፤ አንድ እጃቸውን እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ነበር። ጣቶቼ ላይ የቀለም እድፍ ነበረ።

መንገዱ እንደተባለው ተዘግቶ ነበር። ወደ ደብሩ አስክሬን የሚያደርስ አልተገኘም፤ እዚሁ ሜሪላንድ ቀበርናቸው። እዚህ የምንሳለምበት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በስማቸው እንኳ የማላውቃቸው ብዙ ሰዎች መጡ። በባሕር ወዲያና ወዲህ ተለያይተው የቀሩትን አባቴንና እናቴን እያሰብኩ፣ የሚያጽናኑኝን ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ ቆምኩ።

ብራናውን ወደ አገር የምትሄድ አንዲት ሴት ይዛልን ሄደች። ቄስ ላቀው ሲደርሳቸው መጀመሪያ ግርጌውን አይተው አዘኑ፤ በልቤ የፈራሁትም ይህንኑ ነበር። ወረዳው ግን እንደ ሽማግሌ ምስክርነት ተቀበለው። የቀሩትም ሽማግሎች ጥዱንና ገደሉን፣ ወይራውንና ምንጩን አዎ፣ እንዲሁ ሲነበብ ሰምተናል ብለው አጸኑት። ደኑ ተረፈ። አሮጌው መቃብር ተረፈ። ከምንጩ ወዲያ ያለው ለእርሻው ተሰጠ። በዚያ በኩል ሙታን ያላቸው ሰዎች አፅም እንዲያነሱ ጊዜ ተሰጣቸው፤ እኛ ሩቅ ነበርን። ቄስ ላቀው ደውለው «የእናታችሁን አንሥተን ከምንጩ ወዲህ አሳርፈናታል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ድንጋዩ ወድቆ፣ ምልክቱ ጠፍቶ ነበር። እሷ ናት ብለን ነው ያነሣናት» አሉ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ልክ ሠርተሻል እንድትሉኝ አይደለም፤ ተሳስተሻል ብትሉኝም አልከራከራችሁም። ብራናው ሾላው ቢል ኖሮ ሽማግሎቹ ይህን አልሰማንም ብለው ሙሉው ይጣል ነበር ይሆናል፤ ደኑም ይሄድ ነበር። አንዳንድ ቀን በዚህ እጽናናለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሽማግሎቹም ከሾላው ሥር የቀበሯቸው ሰዎች ስለነበሯቸው አዎ ይሉ ነበር ይሆን ብዬ አስብና እንቅልፍ አጣለሁ። ዛሬም አስተምራለሁ። ዛሬም የሞተ ጳጳስ ሲፈርም እይዘዋለሁ። ግን ደስታው የለም። ወሰኑ ላይ ዜማው የተሰበረበት ሰነድ ሲያጋጥመኝ፣ ማን ሊሰርቅ ፈለገ ብዬ ከመጠየቄ በፊት፣ ከዚያ ወዲያ የማን ሰው ተኝቶ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ አላገኝም፤ ቢሆንም እጠይቃለሁ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ሊያስጽፏችሁ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ጠይቋቸው። ሲያስጽፏችሁ ደግሞ ቀና ብላችሁ ዓይናቸውን እዩ፤ ከቃሉ ሌላ የሚነግሯችሁ ነገር ሊኖር ይችላል።

ናሆም ለረጅም ጊዜ ከእኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገረም። ሲናገር አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው፤ «ዋን ዎርድ ነበር፣ ሰብሊ። አንድ ቃል።» መንገዱ ሲከፈት ሳይነግረኝ ብቻውን ወደ አገር ሄደ። አማርኛው ያን ያህል ስላልሆነ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ከደብሩ ደወለልኝ።

«ምንጩ ጋ ነኝ» አለ። ነፋስ ይሰማል። «ሾላውን ከዚህ አየዋለሁ። ቅርብ ነው፣ ሰብሊ። በጣም ቅርብ ነው።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጠጋሁት።

«ቄሱ አዲሱን መቃብር አሳየኝ» ብሎ ቀጠለ። «እርግጠኛ ነህ? አልኩት። እሷ ናት ብለን ፈትተናታል አለኝ። ፈትተናታል ምንድን ነው?»

«ጸሎተ ፍትሐት አድርሰንላታል ማለቱ ነው» አልኩት። «እና አንተ ምን አልክ?»

«ሳምኩት። ድንጋዩን።»

«ካልሆነችስ፣ ናሆሜ?» አልኩት። «እሷ ካልሆነችስ?»

ሲያስብ ቆየ። የሚለውን በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ ሊለው እየፈለገ መሆኑ ገባኝ።

«የሰው እናት ናት» አለኝ።